ማሽን ነኝ የሚል ኮንቴይነር

ካይንድ ተገንብቶ ሲያልቅ አንድ ፋይል ነው። መጠኑ 10 ሜጋባይት አካባቢ ነው። ጫኝ ፕሮግራም የለውም፤ ከጎኑ እንዲቀመጥለት የሚጠይቀው ላይብረሪም የለም። ዶከር ባለበት ላፕቶፕ ላይ የትም አስቀምጠው «ክላስተር ፍጠር» ሲሉት የኩበርኔቲስ ክላስተር ያቆማል። ክላስተሩ የይስሙላ አይደለም። ኤፒአይ ሰርቨሩ፣ ኢቲሲዲው፣ ስኬጁለሩ፣ ኩብሌቱ በትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች ውስጥ የሚሠሩት ራሳቸው ናቸው። የሚለየው አንድ ነገር ነው። ኩበርኔቲስ ማሽን ብሎ የሚቆጥረው እያንዳንዱ ኖድ እዚህ አንድ የዶከር ኮንቴይነር ነው።

ይህ አንድ ልዩነት ብዙ ሥራ ያመጣል። ኮንቴይነር የራሱ ከርነል የለውም። የራሱ ሃርድዌርም የለውም። ብዙውን ጊዜ አንድ ፕሮግራም ይዞ ይነሳል፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ኩበርኔቲስ ደግሞ ከሥሩ ሙሉ የሊኑክስ ማሽን እንዳለ አምኖ የተጻፈ ነው። ካይንድን ከምንጭ ኮዱ ገንብቶ ፋይሎቹን ለሚያነብ ሰው ትልቁ ደስታ እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ኮንቴይነሩ የቱ ጋ ማሽን መምሰል እንዳለበት፣ እያንዳንዱ ማስመሰያ ስንት መስመር እንደወሰደ፣ ለምን እንደገባ ሁሉም ተጽፎ ይገኛል።

ጉግል ኩበርኔቲስን ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ 1.0 የተባለው እትም በጁላይ 2015 ወጣ። ካይንድ የመጣው በ2018፣ ከኩበርኔቲስ የፍተሻ ቡድን ነው። መነሻው ኩበርኔቲስን ራሱን መፈተሽ ነበር። አንድ መስመር የለወጠ መሐንዲስ ለውጡን ለማየት ከክላውድ እውነተኛ ማሽኖች መከራየትና እስኪነሱ መጠበቅ ነበረበት። ኪራይ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሚከፈልበት፣ ካርዱንም እንደልብ ለማያገኝ የአዲስ አበባ ጀማሪ፣ ክላስተር በራሱ ላፕቶፕ ላይ መቆሙ ትርጉሙ ከዚህም ይሰፋል።

ኮዱን በጊት ካወረዱ በኋላ መጀመሪያ የሚከፈተው ሜክፋይሉ ነው። አጭር ነው። ዓላማው አናቱ ላይ ተጽፏል፦ ካይንድን በፍጥነትና በሚደገም መንገድ መገንባት። ሁለተኛው ቃል ዋናው ነው። በኮዱ ማህደር ውስጥ የጎ ቋንቋ እትም ቁጥር ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል አለ። ግንባታው ሲጀምር አንድ ስክሪፕት ቁጥሩን ያነብና የተጻፈውን እትም አምጥቶ በእሱ ይገነባል። ማሽኑ ላይ ሌላ እትም ተጭኖ ቢገኝ አይነካውም፣ አይጠቀምበትምም። በየሰው ላፕቶፕ ላይ ያለው ልዩነት ገና ከበሩ ይቀራል።

ቀጥሎ የግንባታው አማራጮች ይመጣሉ። ሲጎ የሚባለው፣ ከሲ ቋንቋ ላይብረሪዎች ጋር የሚያያይዘው መንገድ ተዘግቷል። ስለዚህ ባይነሪው በስርጭቱ ሲ ላይብረሪ ላይ አይደገፍም፤ ኡቡንቱ ላይ የሠራው ፋይል ሳይለወጥ አልፓይን ላይ ይሠራል። «ትሪምፓዝ» የሚለው አማራጭ ኮዱ የተቀመጠበትን የማህደር አድራሻ ከባይነሪው ያስወጣል። ይህ ባይኖር የገንቢው የተጠቃሚ ስም ሳይቀር ፋይሉ ውስጥ ታትሞ ይቀር ነበር። የግንባታ መለያው ባዶ እንዲሆን ተደርጓል። ለዲበገር ብቻ የሚያገለግለው መረጃ ተቆርጧል። ፕሮግራሙ ሲወድቅ ስህተቱ የደረሰበትን መስመር የሚያሳየው ግን አልተነካም። በመጨረሻ ኮዱ የተወሰደበት የጊት ኮሚት መለያ ባይነሪው ውስጥ ይጻፋል። የእነዚህ ምርጫዎች ምክንያት ከአማራጮቹ በላይ በሦስት አጫጭር መስመሮች ሰፍሯል፦ ለመደገም፣ ለማነስ፣ ለመታወቅ።

መደገሙን ማረጋገጥ ይቻላል። ያንኑ ኮሚት ወስጄ በተለያየ ስም በተሰየሙ ሁለት ማህደሮች ውስጥ ገነባሁት። የሁለቱን ፋይሎች ሻ-256 ድምር አወጣሁ። ስድሳ አራቱም ፊደልና ቁጥር አንድ ሆኑ። ከዚህ በኋላ «ይህ ባይነሪ ከዚህ ኮድ የወጣ ነው» የሚል ሰው በቃሉ መታመን አያስፈልገውም። የተጠራጠረ ራሱ ገንብቶ ያስተያያል።

ባይነሪው ቀላል የሆነበት ሌላ ምክንያት አለ። ካይንድ የኩበርኔቲስን ግዙፍ ላይብረሪዎች አይጠቀምም። የዶከርን ላይብረሪም አይጠቀምም። እኛ ተርሚናል ላይ እንደምናደርገው የዶከርን ትእዛዝ ይጠራል፣ የሚመለስለትን ጽሑፍ ያነባል። ይህን አሠራር የማይወዱ መሐንዲሶች አሉ፤ ጽሑፍ አንብቦ መሥራት ደካማ መጋጠሚያ ነው ይላሉ። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ትክክለኛው ምርጫ ይመስለኛል። በዶከር ቦታ ፖድማን ወይም ነርድሲቲኤል ገብቶ መሥራት የቻለው መጋጠሚያው እንዲህ ቀጭን ስለሆነ ነው።

ፍተሻው ሁለት እርከን አለው። «ሜክ ዩኒት» የሚለው ከማሽኑ ምንም አይፈልግም፤ ዶከር ባይኖርም ይሮጣል። «ሜክ ኢንተግሬሽን» እውነተኛ ዶከር ይፈልጋል። ሁለቱ የተለዩት በፍተሻው ስም ነው። ስማቸው «ቴስት ኢንተግሬሽን» ብሎ የሚጀምረው ብቻ ወደ ሁለተኛው እርከን ይገባሉ። ከዚህ የበለጠ የሚባል የለም፤ ትልቁ ፍተሻ ሌላ ነው፣ እመጣበታለሁ።

አንድ ኖድ የሚነሳው ከኖድ ኢሜጅ ነው። ዝግጁውን ማውረድ ይቻላል። ከኩበርኔቲስ ምንጭ ኮድ መገንባት ግን ሥራውን ከውስጥ ያሳያል። ማክ ወይም ዊንዶውስ ላይ ለሚገነባ የካይንድ መመሪያ ለዶከር ቢያንስ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ 8 ቢሆን ይመረጣል ይላል። ኩበርኔቲስ ራሱ የሚገነባው በኮንቴይነር ውስጥ ነው። ኩብሌት፣ ኩብአድም እና ኩብሲቲኤል እንደ ባይነሪ ይወጣሉ። ኤፒአይ ሰርቨሩ፣ ስኬጁለሩና ሌሎቹ እንደ ኮንቴይነር ኢሜጅ ይወጣሉ። ከዚያ ከመሠረት ኢሜጁ አንድ ኮንቴይነር ይነሳል፤ ሥራው እስኪያልቅ ምንም ሳያደርግ ይተኛል። ባይነሪዎቹ ይገለበጡበታል። ኢሜጆቹም ውስጡ ኮንቴይነሮችን ወደሚያስነሳው የኮንቴይነርዲ መጋዘን ይገባሉ። ኢቲሲዲ፣ ኮርዲኤንኤስ፣ የኔትወርኩና የማከማቻው ክፍሎችም አብረው ይጨመራሉ። ሁሉም ሲሞላ ኮንቴይነሩ እንዳለ ወደ ኢሜጅ ይቀየራል፣ የመነሻ ትእዛዙም ወደ እውነተኛው ይመለሳል።

ኢሜጁ ሲፈታ 1 ጊጋባይት አካባቢ ይሆናል። ከባድ ነው የሚል ይኖራል። ክብደቱ ግን ታስቦበት የተሸከመው ነው። ክላስተሩ ሲነሳ የሚያስፈልገው ሁሉ ውስጡ ስላለ ከኢንተርኔት አንድ ፋይል አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ያወረደ ሰው ኔትወርክ በሌለበት ክላስተር ያፈርሳል፣ ይሠራል። ራሱ የገነባውን የመተግበሪያ ኢሜጅም «ሎድ» በሚለው ትእዛዝ ከላፕቶፑ ዶከር በቀጥታ ወደ ኖዶቹ ያሻግራል። ዳታ እየቆጠረ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ወደድኩት ፋይል። በመሠረት ኢሜጁ ውስጥ «ኢንትሪፖይንት» የሚባል የባሽ ስክሪፕት አለ። ኖዱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሮጠው እሱ ነው። ሥራው ኮንቴይነሩን ማሽን አስመስሎ፣ የሊኑክስ አገልግሎቶችን ለሚያስነሳው ለሲስተምዲ ማስረከብ ነው። በአጫጭር ፈንክሽኖች የተከፋፈለ ነው፤ ብዙዎቹ ስማቸው «አስተካክል» ብሎ ይጀምራል። እያንዳንዱ አንድ ማስመሰያ ይሠራል።

አንዱ የማሽን መለያውን ያስተካክላል። ሊኑክስ በሲስተምዲ ሲነሳ ለራሱ አንድ መለያ ቁጥር ፋይል ላይ ያስቀምጣል። ኢሜጁ አንድ ስለሆነ ከእሱ የሚነሱ ኖዶች ሁሉ አንድ መለያ ይዘው ይነሱ ነበር። ኩብሌትና አንዳንድ የኔትወርክ ክፍሎች ኖድን ከኖድ የሚለዩት በዚህ ቁጥር ነው። ስክሪፕቱ የቆየውን ይሰርዝና አዲስ ያስወጣል። ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው።

ሌላው የሃርድዌሩን ስም ይሸፍናል። ሊኑክስ የማሽኑን የምርት ስም በአንድ ፋይል ያሳያል። የላፕቶፑ ስም ወደ ኮንቴይነሩም ያልፋል። በኩበርኔቲስ ውስጥ ደግሞ ይህን ፋይል አንብቦ «የጉግል ማሽን ላይ ነኝ» ብሎ የሚወስን ኮድ ነበር። ስለዚህ ስክሪፕቱ «ካይንድ» የሚል አንድ ቃል ፋይል ላይ ጽፎ በእውነተኛው ስም ላይ ይደርበዋል፤ እንዲነበብ ብቻ፣ እንዳይጻፍበት። የምርት መለያ ቁጥሩም እንዲሁ ነው። ሁሉም ኖዶች አንድ ሃርድዌር ስለሚጋሩ ቁጥራቸው አንድ ይሆናል፤ ስክሪፕቱ ለየኖዱ ከከርነሉ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ቀድቶ ይደርባል። እዚህ ጋ ያለው ማስታወሻ ቆም አድርጎ ያስነብባል። ይህ መላ ፋይሉን ለሚያነቡ ፕሮግራሞች ይሠራል፤ ሃርድዌሩን በቀጥታ የሚጠይቅ ፕሮግራም ግን እውነተኛውን ቁጥር ያገኛል ይላል። ጸሐፊው የሥራውን ወሰን ሥራው ያለበት ቦታ ላይ አስፍሮታል። ከዓመታት በኋላ ችግር የሚያሳድድ ሰው ይህን መስመር ሲያገኝ ብዙ ሰዓት ይተርፍለታል።

ከሁሉም ጥበብ የሚጠይቀው የዲኤንኤስ ጉዳይ ነው። ዶከር ለኮንቴይነሮቹ የስም አገልግሎት የሚሰጠው 127.0.0.11 በሚባል አድራሻ ነው። በ127 የሚጀምር አድራሻ «እኔ» እንደሚለው ቃል ነው፤ የሚያመለክተው በተናጋሪው ይለዋወጣል። ኖዱ 127.0.0.11 ሲል ዶከር በኖዱ ውስጥ ያዘጋጀለት አገልግሎት ይመልስለታል። በኖዱ ውስጥ ያለ ፖድ፣ ማለትም ኩበርኔቲስ ያስነሳው የመተግበሪያ ኮንቴይነር፣ ያንኑ አድራሻ ሲጠራ ግን የራሱ የተለየ ኔትወርክ ስላለው ራሱን ይጠራል። መላሽ የለም። የክላስተሩ ስም ፈቺ ኮርዲኤንኤስ ራሱ ፖድ ነው፤ ወደ ውጭ የሚጠይቅበትን አድራሻ ከኖዱ ይወርሳል። ስለዚህ ክላስተሩ ተነስቶ ከውጭ አንድም ስም መፍታት አይችልም ነበር።

መፍትሔው ሦስት ምትክ ነው። ዶከር ያንን አድራሻ እንዲሠራ ያደረገው ፓኬቶችን በሚመሩት የአይፒቴብልስ ሕጎች ነው። ስክሪፕቱ ሕጎቹን በጽሑፍ ያወጣቸዋል፣ ሴድ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ትእዛዝ ያርማቸዋል፣ መልሶ ያስገባቸዋል። የመጀመሪያው ምትክ 127.0.0.11 የሚለውን መዳረሻ የዶከር ኔትወርኩ በር በሆነው አድራሻ ይለውጣል፤ ይህ አድራሻ ከፖድም ሆነ ከኖድ ሲጠራ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ኖዱ ራሱ ለሚልከው ፓኬት የተጻፈውን ሕግ ቀድቶ ከፖዶቹ ወደ ኖዱ ለሚገባው ፓኬትም ይጨምራል። የፖድ ጥያቄ ለኖዱ ከውጭ እንደመጣ ፓኬት ነውና የመጀመሪያው ሕግ አያገኘውም። ሦስተኛው የመልሱን ላኪ አድራሻ ያስተካክላል፤ ጠያቂው መልሱ ከጠየቀው አድራሻ ካልመጣ አይቀበልም። ከዚያ የኖዱ የዲኤንኤስ ፋይል አዲሱን አድራሻ እንዲይዝ ይጻፋል፣ የቀድሞው ቅጂ በጎን ይቀመጣል። የሕጎቹ እርማት ሁሉ በአንድ የትእዛዝ ሰንሰለት ያልቃል። ከሦስቱ ምትኮች አንዱን ቢያወጡ ጥያቄው ወይ አይደርስም፣ ወይ አይመለስም።

ከዚያ በፊት ግን መወሰን ያለበት ነገር አለ። አይፒቴብልስ ሁለት ዓይነት ነው፤ የቆየው አለ፣ አዲሱ አለ። ዶከር የትኛውን እንደተጠቀመ ከኮንቴይነሩ ውስጥ በቀጥታ መጠየቅ አይቻልም። ስክሪፕቱ በሁለቱም በኩል የተጻፉትን የሕግ መስመሮች ይቆጥርና ወደ በዛበት ይሄዳል። ዶከር አሻራውን ጥሎ ስላለፈ መቁጠሩ በቂ ነው።

ዶከር ኖዱን መልሶ ሲያስነሳው ሌላ አይፒ ሊሰጠው ይችላል። የኢቲሲዲና የኤፒአይ ሰርቨሩ ማዘጋጃዎች ደግሞ የቀድሞውን አይፒ ይዘዋል። ስክሪፕቱ በተነሳ ቁጥር አይፒውን ፋይል ላይ ያስቀምጣል። ሲመለስ አዲሱን ከቀድሞው ያስተያያል፤ ከተለያዩ በማዘጋጃዎቹ ውስጥ ይተካዋል። በመጨረሻው መስመር ስክሪፕቱ ቦታውን ለሲስተምዲ ይለቃል። አይጠራውም፣ በራሱ ምትክ ያስቀምጠዋል። ሲስተምዲ የሂደት ቁጥር 1 መሆን አለበት፤ ስክሪፕቱ ቁጥሩን እንደያዘ ቢቆይ ማሽኑ ማሽን አይሆንም።

ማጥፋቱም ታስቦበታል። ዶከር ኮንቴይነርን ሲያቆም የሚልከው ተራ ሲግናል ሲስተምዲን አያስቆመውም፤ ራሱን አዲስ አድርጎ እንዲጀምር ነው የሚያደርገው። ስለዚህ በዶከርፋይሉ ውስጥ የማቆሚያው ሲግናል በሌላ ተለውጧል፤ ሲግአርቲሚን ሲደመር 3 በሚባለው። አንድ መስመር ነው። ከበላዩ ያለው ማስታወሻ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል።

ኖዶቹ ከተነሱ በኋላ ክላስተሩን የሚያዋቅረው ኩብአድም ነው፤ ካይንድ የማዘጋጃ ፋይሉን ጽፎ ያቀርብለታል። በዚያ ፋይል ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ 0 እና 100። ኩብሌት ዲስክ ሲሞላ ፖዶችን ያባርራል፣ የማይፈለጉ ኢሜጆችንም ይሰርዛል። እውነተኛ ሰርቨር ላይ ይህ መልካም ነው። እዚህ ግን ኩብሌት የሚያየው ዲስክ የላፕቶፑ ዲስክ ነው። በሠርግ ቪዲዮ የተሞላ ላፕቶፕ ላይ ክላስተሩ ያለ ጥፋቱ ፖዶቹን ያባርር ነበር። ስለዚህ ማባረሪያው ወሰን ነፃ ቦታ 0 በመቶ ሲሆን፣ ማጽጃው ደግሞ ዲስኩ 100 በመቶ ሲሞላ ተደርጓል። ሁለቱም እንዳይሠሩ ማለት ነው።

ትልቁ ፍተሻ የሚመጣው አሁን ነው። ኩበርኔቲስ «ኮንፎርማንስ» የሚል ምልክት ያለባቸው ከ300 በላይ ፍተሻዎች አሉት። አንድ ክላስተር ኩበርኔቲስ ነኝ ለማለት እነዚህን ማለፍ አለበት፤ የትልልቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች ክላስተሮችም የሚለኩት በዚሁ ነው። የፍተሻው ባይነሪ ከዚያው ከኩበርኔቲስ ምንጭ ኮድ ይገነባል። ክላስተሩ አንድ ተቆጣጣሪና ሁለት ሠራተኛ ኖዶች ይዞ ይነሳል። ብዙዎቹ ፍተሻዎች ጎን ለጎን ይሮጣሉ። ሌላውን የሚረብሹት «ሲሪያል» ተብለው ስለተለዩ ብቻቸውን ይሮጣሉ። አንዱ ፖድ ከፖድ ጋር መነጋገሩን ያያል። ሌላው ስም መፈታቱን ይጠይቃል፤ ከላይ ያሉት ሦስት ምትኮች ዋጋቸውን የሚያገኙት እዚህ ነው። ሌላው ደግሞ የእንግዳ መዝገብ የሚመስል ትንሽ መተግበሪያ አቁሞ መልእክት ያስጽፋል፣ ያስነብባል። ፍተሻዎቹ የሚነጋገሩት በኤፒአይ ሰርቨሩ በኩል ነው። ኖዱ ኮንቴይነር ይሁን ብረት የሚጠይቅ የለም። አንዱ ቢወድቅ «ሎጎችን አውጣ» የሚለው ትእዛዝ የየኖዱን የኩብሌት፣ የኮንቴይነርዲና የሲስተምዲ መዝገብ በየስሙ ለይቶ ማህደር ውስጥ ያስቀምጣል።

ሥራው ሲያልቅ ክላስተሩ በአንድ ትእዛዝ ይፈርሳል። ካይንድ የትኞቹን ክላስተሮች እንደፈጠረ የሚመዘግብበት የራሱ ፋይል የለውም። ኮንቴይነሮቹን ሲፈጥር የክላስተሩን ስምና የኖዱን ሚና ሌብል አድርጎ ይለጥፍባቸዋል። ሲፈልጋቸው ዶከርን በሌብሉ ይጠይቃል። ስለዚህ ባይነሪውን ሰርዘው በማግስቱ እንደገና ቢገነቡት፣ አዲሱ ባይነሪ የትናንቱን ክላስተር ያውቀዋል። ኮንቴይነሮቹ ከነቮልዩማቸው ይወገዳሉ። የኩብሲቲኤል ማዘጋጃው ውስጥ የገባው መስመርም ይወጣል፤ ሌላ ትእዛዝ በዚያው ቅጽበት ፋይሉን እንዳይነካው በቁልፍ ፋይል ተጠብቆ ነው የሚወጣው። የሚቀረው «ካይንድ» የሚባለው የዶከር ኔትወርክ ብቻ ነው። እሱን ሁሉም ክላስተሮች ይጋሩታልና ከአንዱ ጋር አብሮ አይሰረዝም።